ያ ወርቃማ ዘመን እኛ ጋ አልደረሰም

«ዘፈን ድሮ ቀረ» የሚለው ፍርድ ማስረጃ የማይጠየቅበት ፍርድ ሆኗል። የኤፍ ኤም እንግዳ ይለዋል፣ የሙዚቃ ሐያሲ ይጽፈዋል፣ መርጡለ ማርያም ቡና ቤት የተቀመጠ መምህርም ስኒውን አስቀምጦ ይደግመዋል። ሙሉ ቃሉ ይህን ይመስላል፦ ከጥላሁን ገሠሠ፣ ከብዙነሽ በቀለ፣ ከዓለማየሁ እሸቴና ከማሕሙድ አሕመድ ወዲህ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ባንዱን ኪቦርድ ተካው፣ ግጥሙን ጭፈራ ዋጠው፣ የገጠሩንም ዜማ የስቱዲዮ ከበሮ አበላሸው። በ1960ዎቹ ወርቃማ ዘመን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለነው ፍርፋሪ ለቃሚዎች ነን።

በዚህ አልስማማም። የጥላሁንን ድምፅ ላሳንስ አልነሣም፤ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር ያለቀሰው በከንቱ አልነበረም። የምቃወመው ሚዛኑን ነው። ይህ ሚዛን የተሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በሆቴል አዳራሽና በሸክላ ማጫወቻ ፊት ነው። ከደጀን በቢቸና አድርጎ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ ትቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ለዘለቀ፣ እነብሴ ሳር ምድር ላይ ቆሞ ለሚመዝን ሰው፣ ያው ታሪክ ሌላ ነገር ይናገራል። እኛ ጋ ዘመናዊ ዘፈን የእኛ የሆነው ሐያስያኑ «ውድቀት» ብለው በሚጠሩት ጊዜ ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት በመንግሥት ፈቃድ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ጥሶ፣ ሊታሰር እንደሚችል እያወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ውጭ አገር አሳትሞ ገበያ ላይ አዋለ። (ዛሬ «ዘፈንን ነጋዴ አበላሸው» የሚሉ ሰዎች የሚያመልኩትን ዘመን የከፈተው ነጋዴ መሆኑን ይዘነጋሉ።) ከዚያ ዓመት እስከ 1978 ድረስ በጠቅላላ የታተመው 500 የሚጠጋ ትንሽ ሸክላና ሠላሳ ያህል ትልቅ አልበም ነው። በአንዱ ትንሽ ሸክላ ሁለት ዘፈን ብናስብ ሺህ ዘፈን ገደማ ይሆናል። አገሩ ያን ጊዜም ከ25 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው፤ አብዛኛው ገጠር የሚኖር፣ ማታ ማታ ከኩራዝ በቀር መብራት የማያውቅ ሕዝብ። ማጫወቻውን የሚገዛው፣ ሸክላውን የሚለዋውጠው፣ ቅዳሜ ማታ ለብሶ ክበብ የሚገባው ማን እንደነበር መገመት አይከብድም።

ዘፋኞቹስ ከየት መጡ? ከክብር ዘበኛ፣ ከፖሊስ ሠራዊት፣ ከምድር ጦር ኦርኬስትራ። ማለትም ሳክስፎኑን የገዛው መንግሥት፣ ደመወዙን የከፈለው መንግሥት፣ ልምምዱን ያዘዘው መኮንን ነው። ማሕሙድ አሕመድ አሪዞና ክበብ እየተላላከ ሲሠራ ዕድል ቀንቶት መድረክ ላይ ባይወጣ፣ ቀጥሎም ክብር ዘበኛ ባይቀጥረው፣ ዛሬ የምናውቀው ማሕሙድ አይኖርም ነበር። ጥላሁን ራሱ የ1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ ጥፋቱ የዘበኛው አዛዦች ሆኖ ሳለ፣ የዘበኛው ዘፋኝ በመሆኑ ታስሯል። ያ ሥርዓት ታላላቅ ድምፆችን አፍርቷል፤ አልክድም። በሩ ግን ጠባብ ነበር፣ ቁልፉም በወታደር እጅ ነበር። አንድ የእነብሴ እረኛ ዋሽንቱን ይዞ በዚያ በር ይገባ ዘንድ መጀመሪያ አዲስ አበባ መድረስ፣ ከዚያ መቀጠር፣ ከዚያ ደግሞ ዋሽንቱን ለትሩምባው ማስገዛት ነበረበት።

«ሬዲዮስ?» ይሉኛል። ልክ ነው፤ የጥላሁን ድምፅ ሸክላ ባልደረሰበት ቦታ ሁሉ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ሬዲዮ ገብቷል። ያለቀውን ባትሪ ፀሐይ ላይ አስጥተው እንደገና አንድ ዘፈን የሰሙ አባቶች አሉን። ነገር ግን ሬዲዮ ተናጋሪው አንድ፣ አድማጩ ሌላ የሆነበት ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ታሰማለች፣ መርጡለ ማርያም ትሰማለች። መልሳችንን የሚቀበል ጆሮ በዚያ ሣጥን ውስጥ አልነበረም።

ይህን የገለበጠው ካሴት ነው። የወርቃማው ዘመን ሐዘንተኞች ካሴትን የሸክላ ርካሽ ምትክ አድርገው ይቆጥሩታል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ሪባኑ ይጠመጠማል፣ በእስክሪብቶ መጠንጠን አለበት ይላሉ። ሁሉም እውነት ነው። ያልተናገሩት ግን ቴፑ ላይ አንድ ቀይ ቁልፍ እንደነበረ ነው። ያ ቁልፍ ሲጫን ዕቃው ሰሚ ይሆናል። ሠርግ ዳስ ውስጥ አዝማሪው ሙሽራውን ሲያሞግስ፣ ሽማግሌው ሲያቅራራ፣ ሴቶቹ ከበሮ ሲመቱ አንድ ሰው ቴፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀዳል። ካሴቱ ከሰው ሰው ይገለበጣል፤ በአውቶብስ ሾፌር እጅ ሞጣ ይገባል፣ ባህር ዳር ይገባል፣ ከዚያም መርካቶ። የሙዚቃ ቤት ባለቤት ጎጃምኛ እስክስታ ገዢ እንዳለው ያወቀው በጥናት አይደለም፤ ጎጃሜው እየመጣ ስለጠየቀው ነው። በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ የገጠሩ ጣዕም አዲስ አበባ ላይ ዋጋ ወጣለት። እንደ ይሁኔ በላይ ያለ የጎጃም ልጅ በአገሩ ጭፈራና በአገሩ አነጋገር ስሙን ያስጠራው ይህ ገበያ ከተከፈተ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ኪቦርዱ፣ ወደ ተረገመው ዕቃ። ክሱን አውቀዋለሁ፦ ስምንት ሰው የሚጫወተውን አንድ ሰው ይጫወተዋል፣ የማሲንቆው ድምፅ ውሸት ነው፣ ከበሮው ሰው የሌለው መጋዝ ነው። ከክሱ ግማሹን እፈርማለሁ። ማሲንቆ በሁለት ድምፆች መካከል እየተንሸራተተ የሚሄድበትን መንገድ ኪቦርድ በሁለት ቁልፎች መካከል አያገኘውም፤ አንቺ ሆዬን በዚያ ዕቃ ሲጫወቱት ቅር የሚል ጆሮ ካለ ትክክለኛ ጆሮ ነው። ሠርግ ላይ ሞንታርቦው ሲጮህ አጠገብህ ካለው ዘመድ ጋር መነጋገር አለመቻልህም ሐቅ ነው፣ ለዚህ ይቅርታ የምጠይቅለት ኪቦርዲስት የለኝም።

ግን ሒሳቡን እንሥራ። ስምንት ሰው ያለው ባንድ ደመወዝ ይፈልጋል፣ የልምምድ ቤት ይፈልጋል፣ ነሐስ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ይህን የሚችለው ደግሞ ጦር ሠራዊት ወይም ትልቅ ሆቴል ብቻ ነበር። ኪቦርድ አንድ ሰው በጀርባው ተሸክሞት አውቶብስ ይሳፈራል። የአንድ ወረዳ ልጅ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ወታደር ሳይሆን፣ የአዲስ አበባ ሆቴል ሳይቀጥረው አልበም ሊሠራ የቻለው በዚህ ዕቃ ነው። ባንዱን ኪቦርድ ገደለው የሚለውም ታሪክ ቅደም ተከተሉን ያዛባል። አዲስ አበባ ላይ የምሽት ሙዚቃን መጀመሪያ ያነቀው የደርግ ሰዓት እላፊ ነበር፤ ሰው ከመሸ ካልወጣ ክበብ አይኖርም፣ ክበብ ከሌለ ስምንት ሰው የሚቀልብ የለም። ኪቦርዱ የገባው ባዶ ወደ ሆነ ቤት ነው።

«መጤ ነው፣ የእኛ አይደለም» የሚለውን ክርክር ደግሞ ከመርጡለ ማርያም ሰው መስማት ይገርመኛል። ከተማችን የምትኮራበት የእቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ ያ በድንጋይ ላይ የተፈለፈለ አበባና ሐረግ፣ የባሕር ማዶ ባለሙያ እጅ እንዳረፈበት የሚያጠኑት ሰዎች ይናገራሉ። ከግራኝ ጦርነት በኋላም ፈረንጅ ካህናት ሌላ ግንብ ጨምረውበታል። እስካሁን አንድም ሰው «ይህ ግንብ የጎጃም አይደለም» ሲል አልሰማሁም። ያ የምትናፍቁት የነሐስ ድምፅስ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችና ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን፤ ቀጥሎም ከኔርሰስ ናልባንዲያን። ትሩምባው በ1916 ዓ.ም. ገደማ የአርመን ነበር፣ በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ ሆነ። ኪቦርዱም የጃፓን ሆኖ መጥቶ ጎጃም ሠርግ ላይ እስክስታ ሲያስመታ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ለአንዱ ዜግነት ሰጥቶ ሌላውን የሚከለክል ሕግ የት እንዳለ ይነገረኝ።

በዚህ ላይ የባህል ጠባቂዎቻችን አንድ የሚያሳፍር ነገር አለባቸው። ዛሬ «አዝማሪው ጠፋ፣ ማሲንቆው ተረሳ» ብለው የሚያለቅሱት፣ አዝማሪ የሚለውን ስም ስድብ አድርገው የኖሩ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። ሴት ልጁ ዘፋኝ ልትሆን ስትነሣ ደረቱን የደቃ አባት፣ አዝማሪን በግብዣው ላይ አጫውቶ ወደ ማዕዱ ያላቀረበ ባላባት፣ ያ ነው የድሮው ክብር። ለዚያ ሙያ ክብር ያመጣለት መጽሔት ላይ የተጻፈ ሙሾ አይደለም፤ በስሙ የሚሸጥ ካሴት፣ በፎቶው ያሸበረቀ ሽፋን፣ እጁ ላይ የገባ ገንዘብ ነው። የደብሩን አባቶች ከዚህ ክስ አወጣቸዋለሁ። እነሱ ዘፈንን በኃጢአት ይቆጥሩታል፣ ግን ጥላሁንንም የትናንቱንም የቲክቶክ ዘፋኝ በአንድ ሚዛን ስለሚያስቀምጡ ቢያንስ አድልዎ የለባቸውም።

ግጥሙ ባዶ ሆነ ለሚሉ፣ በተለይ እዚህ ጎጃም፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ ባሉበት አገር፣ የሚሰጠው መልስ ጠንቃቃ መሆን አለበት። ቅኔ የለመደ ጆሮ አዝማቹ አሥር ጊዜ ሲደጋገም ይሰለቻል። ይሁንና የእስክስታ ዘፈን ማኅሌት አይቆምም። ድግግሞሹ ትከሻን ለማነቃቃት ነው፤ ድሮም በከበሮ ሲጨፈር ተቀባዩ አንድ ሐረግ ይዞ እስኪደክመው ይመልስ ነበር። ከወርቃማው ዘመን ሸክላዎች መካከልም ስለ ዓይንና ስለ ጥርስ ከማውራት ያላለፉ በርካታ ናቸው፤ እኛ ዘንድ የቀረው ጥሩው ተነጥሮ ስለሆነ ድሮ ሁሉም ጥሩ የነበረ ይመስለናል። የዛሬው ገና አልተነጠረም፣ ገለባውም ፍሬውም አንድ አውድማ ላይ ነው።

ፍሬም አለ። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የተሰኘውን አልበሙን ሲያወጣ፣ ያ ቢልቦርድ በዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሠንጠረዥ አንደኛ ያደረገው አልበም፣ ውስጡ «ማር እስከ ጧፍ» የሚል ዘፈን ነበረበት። ዘፈኑ የተሠራው በሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ነው፤ ከማንኩሳ ተነሥቶ ዲማ በሚደርሰው በበዛብህና በፊታውራሪ መሸሻ ልጅ በሰብለ ወንጌል ላይ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው። በዚያን ጊዜም «ልብ ወለድ በጆሮ ይነበባል እንዴ?» ያለ ሊቅ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ግማሽ ምዕት ዓመት ቆይቶ አንድ የፖፕ ዘፋኝ ያንኑ የጎጃም ታሪክ ባጃጅ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ የተማሪ ጆሮ ማዳመጫ ውስጥ አስገባው። ደብተራው በዛብህን መጀመሪያ በዘፈን ያወቀ፣ ከዚያ መጽሐፉን የፈለገ ልጅ ካለ፣ ያንን ልጅ «ዘፈን አደነዘዘው» ማለት ይከብዳል። ቴዲ የሚወደድም የሚጠላም ብዙ ነገር አለው፤ ግጥም አያውቅም የሚለው ግን ከእነዚያ አንዱ ሊሆን አይችልም።

ይበልጥ የምደገፍበት ምስክር ግን እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ ናት። ቻግኒ ተወለደች፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ከካህን እየሰማች አደገች፣ በኬንያ አድርጋ አሜሪካ ገባች። እ.ኤ.አ. በ2001 ቢል ላስዌል ባዘጋጀው፣ በስሟ በተሰየመው አልበም ላይ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር፣ ፋሮ ሳንደርስም ተጫወቱላት። ያ አልበም ሲወጣ «ዜማችንን በፈረንጅ ማሽን በረዘችው» ብለው ቅር የተሰኙ የአገር ልጆች አልጠፉም። ዛሬ ግን የዓባይን ወንዝ በዘፈን ማን እንደ ጂጂ አነሣው ብትለው ያው ሰው ለመመለስ ይቸገራል። ከእነብሴ አፋፍ ዓባይን ቁልቁል እያየን ያደግን ሰዎች ያን ዘፈን ስንሰማ የሚሰማን ነገር የቦሌ ሐያሲ ሊያስረዳን የሚችለው አይደለም። ጂጂ ወታደር አልነበረችም፤ የክብር ዘበኛ ትሩምባ ከኋላዋ አልቆመም፤ የመጣችው ከወርቃማው ዘመን በኋላ፣ በ«ውድቀቱ» መካከል ነው። አንድ ሥርዓት ወደቀ ተብሎ ጂጂን ካፈራ፣ ውድቀት የሚለውን ፍርድ የሰጠው ሰው ፋይሉን እንደገና ይክፈት።

ይህ ናፍቆት ደግሞ ሙሉ በሙሉ የእኛ እንኳ አይደለም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የቆዩትን ሸክላዎች በሲዲ እየሰበሰበ አወጣ፤ ሠላሳ ያህል ሆነዋል። ታላቅ ሥራ ነው፤ ባይሠራው ብዙው ጠፍቶ ነበር። በ2005 ደግሞ የጂም ጃርሙሽ ፊልም የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ለዓለም አሰማ። ፈረንጅ ሲያደንቅ እኛም ቀና አልን፤ የፋልሴቶ ምርጫ በአብዛኛው በሸክላውና በነሐሱ ዘመን ላይ ያተኮረ ስለነበር፣ የእሱን ምርጫ የታሪካችን ልክ አድርገን ወሰድነው። ትናንት ጣሪያ ላይ የጣልነውን ሸክላ ዛሬ ቅርስ ያልነው ጆሯችን ተለውጦ ሳይሆን ከፓሪስ ተጠቅልሎ ስለተመለሰ ነው።

ለዚህ ከኃይሉ መርጊያ ታሪክ የሚሻል ማስረጃ የለኝም። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የማሽን ከበሮ ይዞ አንድ ካሴት ቀዳ። ልብ በሉ፤ አንድ ሰው፣ ኪቦርድ፣ የማሽን ከበሮ፣ ክሱ የተዘረዘረበት ወንጀል በሙሉ። ኃይሉ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ያገኘው ባህር ዳር ላይ ነው፣ እዚሁ ጎጃም፤ በ2013 እንደገና አሳተመውና የዓለም ጋዜጦች አሞገሱት፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ሐያስያኑ «የውድቀት ድምፅ» ያሉት ነገር የባህር ዳር ሙዚቃ ቤት መደርደሪያ ላይ ለዓመታት ተቀምጦ ሲጠብቅ ኖሯል። ቀድሞ ያነሣው ከእኛ አንዱ አለመሆኑ ይቆጨኛል። የደብረ ማርቆስና የሞጣ፣ የመርጡለ ማርያምም አሮጌ ሙዚቃ ቤቶች ሣጥን ውስጥ ዛሬም አቧራ የሚጠጣ ካሴት አለ፤ የሠርግ ቅጂ፣ የቀበሌ ኪነት ቡድን ቅጂ፣ ስሙ ያልተጻፈበት የአዝማሪ ቅጂ። ሪባን እንደ ሸክላ አይቆይም። «ባህል ጠፋ» የሚል ሁሉ አንድ ከሰዓቱን ለእነዚያ ሣጥኖች ቢሰጥ፣ ከአሥር የሬዲዮ ቃለ ምልልስ የበለጠ ያድን ነበር።

ታዲያ የዛሬው ዘፈን ችግር የለበትም? አለበት፣ ግን ሐዘንተኞቹ የሚያለቅሱበት ቦታ ላይ አይደለም። ችግሩ ክፍያው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጣ፣ በ2007 በአዋጅ 872 ተሻሻለ። ሕጉ የዜማና የግጥም ደራሲን፣ የአቀናባሪንና የዘፋኝን ድርሻ ያውቃል። ኤልያስ መልካ፣ «አቡጊዳ» ከተባለው አልበም ጀምሮ የአንድ ትውልድ ጆሮ የቀረጸው አቀናባሪ፣ ከባልደረቦቹ ጋር በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የሚባል የስልክ መተግበሪያ ያቋቋመው ዘፈን በሳንቲምም ቢሆን በሕግ እንዲሸጥ ነበር፤ በመስከረም 2012 ሥራው ገና ሳይጠና አረፈ። ጥሩ ባንድ፣ ጥሩ ስቱዲዮ፣ እውነተኛ ማሲንቆ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ኪቦርዲስቱ ብቻውን የሚሠራው ሰው ስለሚጠላ መሰላችሁ? ለማሲንቆ ተጫዋቹ የሚከፍለው ስለሌለው ነው።

«ዘፈን ሞቷል» ያለኝ ሰው ስልክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት መቶ የማያንስ ዘፈን አለ፤ የጥላሁንም፣ የጂጂም፣ የትናንቱም። ሚሞሪ ካርዱን ያስሞላው ሙዚቃ ቤት ወይም ጓደኛው ከቴሌግራም የላከለት ነው። ሙዚቃ ቤቱ የተቀበለው ብር ለኪራይና ለመብራት፣ ለባለቤቱም ጉርስ ይደርሳል። ወደ ዘፋኙና ወደ ገጣሚው፣ ወደ ኪቦርዲስቱም የሚደርስበት መንገድ በአዋጅ ከተጻፈ ሁለት አሥርት ዓመት አልፎታል፤ ከመርጡለ ማርያም የተነሣ ብር ግን እስካሁን በዚያ መንገድ አልሄደም።